ከ«ሙሉ ድምፅ» የጎደሉት አንድ ሰው

ለክቡር አቶ ስማቸው፣ የወረዳችን ዋና አስተዳዳሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ ነሥቼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ የዓይንዎ ብርሃን ደኅና ነው ወይ? ጆሮዎን ግን ለብቻው ልጠይቅልዎ እወዳለሁ፤ ካለፈው የካቲት ወዲህ ከጭብጨባ በቀር ሌላ ድምፅ አልገባ ብሎታል ሲባል ሰምቼ ከልብ አዝኛለሁ። እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድልዎ።

ስሜን ዘንግተውት ይሆናልና ራሴን ላስታውስዎ። መዝሙር ቢያዝን እባላለሁ። የኮሶ አምባ ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ የጻፍሁልዎ፣ በመጨረሻም «የአመለካከት ችግር» ተገኝቶብኝ የተሰናበትሁት ሰው ነኝ። ዛሬ ጎንደር ከተማ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ጃንጥላ ዘርግቼ የባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ስለ ኑሮዬ እንዳይጨነቁ፤ ሸጋ ሥራ ነው። ባለጉዳዩ «አልተስማማሁም» ሲለኝ «አልተስማማሁም» ብዬ እጽፋለሁ፣ እስካሁንም ሰርዘው ያለኝ የለም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ላመሰግንዎ ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር ለይቼዋለሁ፤ ቁጥር ላይ ክቡርነትዎ ምን ያህል ጥንቁቅ እንደሆኑ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለምና።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ትምህርቱ ነው። በየካቲት ወር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የኮሶ አምባን ሕዝብ በገበሬዎች ማሠልጠኛው አዳራሽ ሰብስበው አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ስለ ዴሞክራሲ አስተማሩን። «የብዙኃኑ ድምፅ ይገዛል፣ የጥቂቶቹም ድምፅ ይከበራል» አሉን፤ እኔም ቃል በቃል ጻፍሁት። አከባበሩ የሬሳ አከባበር መሆኑን ግን የዚያን ዕለት አልነገሩንም። በእኛ አገር ሬሳን አክብረን ነው አፈር የምናለብሰው።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ከሥሩ ላስረዳ፤ ክቡርነትዎ ያውቁታልና እዚህ ላይ ትንሽ ማረፍ ይችላሉ። ኮሶ አምባን ከአስፋልቱ የሚለያት እንዶድ የሚባል ወንዝ ነው። በበጋ ሕፃን ልጅ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጠ ይሻገረዋል፤ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም ግን በሬም አይደፍረውም፣ ድልድይም የለውም። ከወንዙ ወዲህ፣ ሰው በሚኖርበት በኩል፣ አንዲት ጤና ኬላ ነበረችን። ጣሪያዋ ያፈስ ነበር፣ በሯም በሽቦ ነበር የሚታሰረው፤ ቢሆንም አዋላጅ ነርሷ ሲስተር ጽጌሬዳ በውስጧ ነበረች። ክቡርነትዎ ያመጡልን አጀንዳ ይህች ጤና ኬላ እንድትዘጋና አዲስ፣ ሰማያዊ ጣሪያ ያለው፣ ከወንዙ ማዶ አስፋልቱ ዳር እንዲሠራ ነበር። ለሕዝቡ የነገሩት ምክንያት «ለአገልግሎት አመቺነት» የሚል ነው። ለሾፌርዎ የነገሩትን ደግሞ እኔ ከኋላ መቀመጫ ሆኜ ሰማሁት፤ «መራቂዎቹ እንግዶች በዚህ ጭቃ አይወርዱም፤ ከመኪና ወርደው ሪባኑን መቁረጥ አለባቸው» ነበር ያሉት። ለእንግዳ ጫማ እንዲህ የሚጨነቅ አስተዳዳሪ ማግኘት መታደል ነው።

ሁለተኛው ምስጋናዬ፣ በስብሰባው ማብቂያ ላይ «ተቃውሞ ያለው አለ?» ብለው ስለ ጠየቁ ነው። ጥያቄው እንደ «እንደምን አደራችሁ» ለደንቡ ያህል የሚባል፣ መልሱም አስቀድሞ የሚታወቅ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። አያ ሰውአገኝ አላወቁም። እጃቸውን አነሡ።

አያ ሰውአገኝ የሰባ ሁለት ዓመት ገበሬ ናቸው። በሐሰት ላወድሳቸው አልፈልግም፤ ሙግት የሚወዱ፣ ለጎረቤት የሚያስቸግሩ ሰው ናቸው። የእርከን ሥራ ሲጀመር «አፈሩን ታንቁታላችሁ» ብለው ተቃወሙ፤ ተሳስተው ነበር። የከብት ክትባት ሲመጣ ተቃወሙ፤ በዚያም ተሳስተው አንዲት ጊደር ሞተችባቸው። የእኔን ጋብቻ እንኳ በሽማግሌዎች ፊት «ልጅቱ ለዚህ ሰው ትበዛበታለች» ብለው ተቃውመዋል፤ በዚህኛው ባለቤቴ ትክክል ነበሩ ትላለች። እንዲህ ያለ ሰው እጁን ሲያነሣ አዳራሹ ፈገግ ይላል።

«ይናገሩ አባቴ» አሏቸው ክቡርነትዎ።

«እኔ አልስማማም» አሉ አያ ሰውአገኝ፣ በዱላቸው ተደግፈው ቆመው። «እንዶድ በክረምት ሰው አያሻግርም። በሐምሌና በነሐሴ የታመመ ሰው፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ በየት በኩል ሊሄዱ ነው? የአሁኒቱን ጠግኑልንና ትቆይልን።»

«አባቴ፣ እርስዎ ልማት አይወዱም እንዴ?»

«እንዴታ፣ ልማት እወዳለሁ። ዋና ነው የማልችለው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ ይበልጥ የሳቀው ባምላክ የሚባል ጎልማሳ ገበሬ ነበር፤ የሳቀው በእርስዎ አልነበረም፣ በሽማግሌው ነበር። እርስዎ ግን በራስዎ የተሳቀ መሰለዎ። የዚያን ጊዜ የፊትዎን መቀያየር አይቻለሁ፤ የአያ ሰውአገኝም ጥፋት እጃቸውን ማንሣታቸው ብቻ ሳይሆን፣ ሰው እንዲስቅ ማድረጋቸው መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ «የሚደግፍ እጁን ያውጣ» አሉ። ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት እጅ ወጣ። ቆጣሪው እኔ ነበርሁ። ከእነዚያ አንዱም የእኔ እጅ ነው። እንዶድን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሽማግሌው እውነታቸውን መሆኑንም አውቅ ነበር፤ በግራ እጄ እስክሪብቶ ይዤ ቀኝ እጄን አነሣሁ። ይህን የምናገረው በክቡርነትዎ ላይ የምሰነዝረው ንቀት እኔን የማይነካ እንዳይመስልዎ ነው። ይደርሰኛል፤ ድርሻዬን ወስጃለሁ።

በሦስተኛ ደረጃ የማመሰግንዎ ስለ ሒሳብ ትምህርት ነው። ሰኞ ጠዋት ቃለ ጉባኤውን ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። «በ286 ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል» ይል ነበር። አነበቡና መለሱልኝ።

«በሙሉ ድምፅ በለው» አሉኝ።

«አንድ ሰው ተቃውመዋል እኮ ክቡር አስተዳዳሪ።»

«አንድ ሰው ቁጥር አይደለም።»

ቄስ ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ አባት ቁጥርን ከአንድ ጀምረው ነበር ያስቆጠሩኝ፤ ተሳስተው ይሆናል። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ፣ ረቡዕም ያንኑ ይዤ መጣሁ፤ መለሱልኝ። ሦስተኛውን ልጽፍ ስዘጋጅ፣ እርስዎ ነገሩን ከምንጩ ለማድረቅ አስበው አያ ሰውአገኝን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አስጠሯቸው። ከተቃወሙዎት ሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ መወያየትን የመሰለ ምን ዴሞክራሲ አለ? ሁለት ሚሊሻዎች በር ላይ መቆማቸው ውይይቱን አላደናቀፈውም።

እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ እጽፍ ነበር። ክቡርነትዎ በለሰለሰ አንደበት ሽማግሌው ከነገሩ በክብር የሚወጡበትን መንገድ አበጁላቸው። የተቃወሙ መስሎ ታየ እንጂ አልተቃወሙም፤ ዝንብ እያባረሩ ነበር። ይህንኑ ተናግረው እንዲፈርሙና ነገሩ እንዲዘጋ።

አያ ሰውአገኝ ዱላቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፉ። እውነቱን ለመናገር ሊፈርሙ ነው ብዬ ነበር፤ ስለ እርስዎም፣ ስለ እኔም፣ ስለ ሽማግሌውም ቀላሉ መንገድ እሱ ነበርና በልቤ እንዲፈርሙ ለመንሁ። በኋላ ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እንደ ሌላ ሰው እጅ ተመለከቱት።

«ይህችን እጅ ያነሣኋት እኔ ነኝ» አሉ። «ዝንብ አላነሣትም። ምነው ጌታዬ፣ ያደረግሁትን አላደረግሁም ብዬ በስተርጅና ልዋሽ?»

ሦስት ቀን በሚሊሻው ቤት «ምክር» ተሰጣቸው። ሲወጡ ስማቸው ከማዳበሪያ ተረካቢዎች ዝርዝር ወጥቶ ነበር፤ ስሕተት ነው ተባለ፣ ስሕተቱ ግን እስከ ዘር ጊዜ አልታረመም። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ስብሰባ «አንድ ፀረ ልማት ግለሰብ» ተብለው ስማቸው ሳይጠራ ተጠሩ። ሰው ቤታቸው መሄድ ተወ። ለደቦ ሲጠሩ የሚመጣ ጠፋ፤ ገብሳቸውን ከባለቤታቸው ጋር ሁለት ሆነው አረሙ። እኔም ሦስተኛውን ቃለ ጉባኤ እንደ ሁለተኛው አድርጌ ስላመጣሁ ተሰናበትሁ። ጀግንነት እንዳይመስልዎ፤ ያችን የዘረጓትን እጅ ካየሁ በኋላ እስክሪብቶው እምቢ አለኝ እንጂ። በእኔ ቦታ የተተካው ልጅ በሩብ ሰዓት ውስጥ «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ጻፈልዎ። የእጅ ጽሑፉም ከእኔ ያምራል።

በዚያ ሰሞን ሲስተር ጽጌሬዳ መንገድ ላይ አግኝታኝ ነበር። «እኔም ላነሣ ነበር ጋሽ መዝሙር» አለችኝ አቀርቅራ። «እጄ ከበደኝ።» ስንት እጅ ከብዶ እንደነበር ያን ጊዜ ቢቆጠር ኖሮ ምናልባት ቁጥሩ ክቡርነትዎንም ያስገርም ነበር። ግን አንዱ እጅ ምን እንደደረሰበት ሁሉም አይቷል። ክቡርነትዎ ያሰሩት አንድ ሽማግሌ ነው፤ ዝም ያሰኙት ግን ቀበሌውን በሙሉ ነው። በትንሽ ወጪ ትልቅ ሥራ ይሏል ይህ ነው።

የአራተኛው ምስጋና ቦታ ይኸው ነው፤ እዚህ ላይ ግን ቀልዱን ለጊዜው ልተወው።

ነሐሴ ሰባት ቀን፣ ከረፋዱ፣ የባምላክ ሚስት አባይነሽ ምጥ ጠናባት። ሦስተኛ ልጇ ነበር። በመንደሩ ወሊድ የሚያውቁት ወይዘሮ ይርገዱ «ልጁ አልዞረም፤ ይህ ከእኔ በላይ ነው» አሉ። ኔትወርክ ከሰኞ ጀምሮ አልነበረም። ስምንት ወንዶች ሆነን በቃሬዛ ይዘናት ወረድን፤ አያ ሰውአገኝም በዱላቸው እየተደገፉ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ከኋላችን ወረዱ።

እንዶድ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር። በሰኔ የተመረቀው የአዲሱ ጤና ኬላ ሰማያዊ ጣሪያ ከማዶ ፍንትው ብሎ ይታያል። ድምፃችንን ሰምታ ይሁን አይታን ሲስተር ጽጌሬዳ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ወጥታ እስከ ውኃው አፋፍ ሮጣ መጣች። በእሷና በእኛ መካከል ያለው ርቀት ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስ ነበር። ጮኸች። ውኃው ድምፅዋን ወሰደው። ደግማ ጮኸች፤ ከቃሏ አንዱም አልደረሰንም። ከዚያ በገዛ ገላዋ ታሳየን ጀመር፤ ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዲህ አድርጉ፣ እንዲህ አዙሩ ትላለች። ወይዘሮ ይርገዱ ቀና እያሉ ያዩዋታል፤ ያዩትን አባይነሽ ላይ ያደርጋሉ፤ እንደገና ቀና ይላሉ። እኛ ወንዶቹ ጀርባችንን አዙረን ጋቢያችንን ወጥረን ቆምን። እንዲህ ሆኖ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ።

አባይነሽ ተረፈች። ልጁ አላለቀሰም።

ሲስተር ጽጌሬዳ ከማዶ ሆና እጇን ዘርግታ ጠየቀች። ወይዘሮ ይርገዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነርሷ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ባምላክ አያ ሰውአገኝ ፊት ሄዶ ቆመ። «አያ፣ ምነው ዝም አሉኝ? ይናገሩኝ እንጂ» አላቸው። «ያን ዕለት ከሁሉ በላይ የሳቅሁብዎ እኔ ነበርሁ።»

«የየካቲቱን በየካቲት ተናግሬዋለሁ» አሉት ሽማግሌው። ጋቢያቸውን አውልቀው ለወይዘሮ ይርገዱ ሰጡ፣ ለልጁ መጠቅለያ። «አሁን ሚስትህ ዘንድ ሂድ።»

ክቡር ሆይ፣ አሁን ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ከመስቀል በኋላ የሟቹ ሕፃን ቤተሰብ አቤቱታ አቀረበ፤ ጽሕፈት ቤትዎም በማኅተም መልስ ሰጠ። መልሱ አንድ አንቀጽ ነው፣ በቃሌ አጥንቼዋለሁ፤ «የጤና ኬላው ቦታ የተመረጠው በቀበሌው ነዋሪዎች ሙሉ ድምፅ በመሆኑ፣ ሥጋት ያቀረበ አንድም ግለሰብ ባለመኖሩ፣ ጽሕፈት ቤታችን ተጠያቂ የሚሆንበት አግባብ የለም።» አንድም ግለሰብ። ባምላክ ወረቀቱን ሊያስነብበኝ ይዞልኝ መጣ፤ ሁለት ጊዜ አነበብሁለት። «እንግዲህ ልጄን የገደልሁት እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስሁለት አላስታውስም። በማግሥቱ ዕቃዬን ሸክፌ ወደ ጎንደር ወረድሁ።

ያች የተሰረዘች አንዲት መስመር ለምን እንደምታስፈልግ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የሚቃወም ሰው እንዲጠበቅ የሚያዝዘው ሕግ ለተቃዋሚው ሲባል የወጣ ይመስለኝ ነበር፤ እርስዎም የሚጠሉት እንደዚያ መስሎዎት ይሆናል። የወጣው ለሁለት መቶ ሰማንያ ስድስታችን ነው። እኛ ፈርተን ያልተናገርነውን አንድ ሰው ሲናገርልን፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ እንዲቆይልን። አያ ሰውአገኝ ተሳስተው ቢሆንም ኖሮ፣ እንደ እርከኑ ጊዜ እንዶድ አሳፍሯቸው ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ደብዳቤ ቃል ሳልቀንስ እጽፈው ነበር። ሰው ትክክል ሲሆን ብቻ የሚፈቀድ ተቃውሞ የዕጣ ጨዋታ ነው። እርስዎ ግን ሽማግሌው በየካቲት በነፃ የሰጡዎትን ነገር በነሐሴ በአባይነሽ ማኅፀን አስከፈሉ፣ ደረሰኙንም በእኛ ስም ቆረጡ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ትንሽ ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ ወንበሩን እንዲህ ትልቅ አድርጎ ያሳየኝ ግን ክቡርነትዎ ብቻ ነዎት።

በመጨረሻ ስለ አንድ የምሥራች ላመስግንዎ። በጥቅምት ስለ እንዶድ የእግረኛ ድልድይ ሕዝቡን ሰብስበው እንደነበር ሲስተር ጽጌሬዳ በስልክ ነገረችኝ። «ተቃውሞ ያለው አለ?» ሲሉ አያ ሰውአገኝ እጃቸውን አነሡ አሉ፤ ድልድዩ የታሰበበትን ቦታ አልወደዱትም። እኔ በበኩሌ መሐንዲሱ ልክ ነው፣ ሽማግሌው ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። ቀጥሎ ግን ባምላክ አነሣ። አባይነሽ ከሴቶቹ ወንበር ተነሥታ አነሣች። አራተኛዋ ነጭ ጋዋን ለብሳ ነበር። «እጅሽ አልከበደም?» ብዬ ጠየቅኋት። «ከብዷል ጋሽ መዝሙር፤ በሌላው እጄ ደግፌ ነው ያነሣሁት» አለችኝ።

ስለሆነም ሁለት ነገር ብቻ በትሕትና እለምናለሁ። የአያ ሰውአገኝ ስም ወደ ማዳበሪያው ዝርዝር ይመለስ። የየካቲቱም ቃለ ጉባኤ ይታረም፤ ባምላክ ዘንድ ሄደው የታረመውን ራስዎ ያንብቡለት። እኔን ወደ ሥራዬ ይመልሱኝ አልልም፤ ጃንጥላዬ ይበቃኛል።

እግዚአብሔር ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ ፊት ለፊት «አይሆንም» የሚልዎ አንድ ደፋር ጎረቤትም ይስጥዎ እያልሁ፣ በሥልጣንዎ ዘመን ሁሉ በአክብሮት ቃልዎን ጽፎ በመጨረሻ የራሱን ቃል መጻፍ ያስተማሩት፣ ታዛዥነቱን የጨረሰ የቀድሞ ታዛዥዎ፣

መዝሙር ቢያዝን
ጎንደር

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ፤ አይመለከተኝም ለሚልም ጭምር።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ከማውጣቴ በፊት በሥርዓቱ ጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ባለው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ውስጥ ልከተው መጥቼ ነበር። ዘበኛው «ተወው ወንድሜ፤ ከተሰቀለ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም፣ ቁልፉም የት እንዳለ የሚያውቅ የለም» አለኝ። በቀዳዳው ብመለከት ተርብ ቤቱን ሠርቶበታል። ምናልባት አንድ ቀን ሊከፍቱት ቢያስቡ ፊትዎን ከለል ያድርጉ፤ ብዙ ጊዜ ተዘግቶበት የኖረ ነገር ሲከፈት ይናደፋል።